እመት አዋራን ከቀኝ ስገልጣት

ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሻል? የጎንደር ብርድ ጉልበቴን ያዘኝ ስትዪ ነበር፤ ተሻለሽ ወይ? እናትሽስ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። የመተማን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ ሰዉ እንደ ደረሰ ሰሊጥ አፉን ከፍቶ ይውላል። ጤናዬ ደህና ነው፤ ደህና ያልሆነው ፊቴ ነው። ስልክ መደወል ሲገባኝ ወረቀት ያነሣሁት ድምፅሽን ለመስማት አፍሬ ነው።

በአውቶቡስ የላክሽልኝ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ደርሶኛል። እመት አዋራችን ከስንት ዓመት እንቅልፍ በኋላ ተነሥታ ልትታተም መሆኑን፣ ይህም የአዲሱ የሥዕል ታሪክ፣ የኮሚኩ፣ የመጀመሪያ ቁጥር መሆኑን ነግረሽኛል። ጽሑፉን ከማስገባትሽ በፊት ሥዕሉን ብቻ አይቼ እንድፈርድልሽ ነበር የጠየቅሽኝ። ደስ አለኝ። ድሮ በደብተር ልባስ ላይ ስትስያት፣ በአዋራ ተሸፍና መጥታ ሎሪ በአንድ እጇ ስታነሣ፣ የመጀመሪያዋ ዳኛ እኔ ነበርሁ። ሌላ ልዕለ ጀግና የት እናውቅና!

ሱቄ ውስጥ ቆሜ ገለጥሁት። እመት አዋራ እንደ ሱዳን ሴቶች አረንጓዴ ቶቧን ተከናንባ፣ ሽማግሌ አዝላ የድንበሩ ድልድይ ላይ ቆማለች፤ ሰዉ እልል ይላል። ቀጥሎ የማሽላ እርሻ መጣ። ቀጥሎ የሚነድ ከተማ። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ባዶ ቤት ውስጥ የገመድ አልጋ ላይ ብቻቸውን ቀሩ፤ እሷ የለችም። ሽማግሌው ደግሞ አባቴ ናቸው። ያ ነጭ ጀለቢያቸው፣ ያ በክር የታሰረ መነጽራቸው! ከረሜላ ከኪሳቸው ስትሰርቂ እያዩ ዝም የሚሉሽን ሰውዬ እንዴት አላውቃቸው?

የሱዳኑ ጦርነት እኔና አባቴ ወደምንኖርባት ወድ መደኒ ሲደርስ እኔ በሎሪ ብቻዬን መተማ እንደገባሁ ታውቂያለሽ። አባትሽስ ላለኝ ሁሉ፣ ቤቴን ጥዬ አልወጣም አሉ፣ ለምኜ ለምኜ እንቢ አሉኝ ብዬ ነገርሁ። ላንቺም ያልሁት ይህንኑ ነው። መርዷቸው ሲመጣ አብረሽኝ አልቅሰሻል። እንግዲህ ይህን ሥዕል ሳይ በቁስሌ እንጨት የሰደድሽብኝ መሰለኝ።

የላክሁልሽን የድምፅ መልእክት ሰምተሽዋልና አልደግመውም። ጀግናሽ የኋሊት ነው የምትሄደው፣ እግር መሳል እንኳ ጠፍቶሻል ያልሁሽ ትዝ ይለኛል። እውነትም የኋሊት ስትሄድ እያየሁ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ንዴት መቼ ዓይን አለው!

በዚህም አልበቃኝ። ገንዳ ውሃ ከተማ ያለው ሙኽታር፣ ያ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴው፣ አንቺ ጥሩ ነው ካልሽኝ የሚታተመውን ሁሉ ገዝቼ እወስደዋለሁ ብሎኝ ነበር። ደወልሁና፣ የሞተ ነገር ነው፣ ልጅም አይገዛው፣ አዋቂም አያነበው አልሁት። በዚያው ቀን ትቼዋለሁ ብሎ እንደነገረሽ ሰምቻለሁ። ያለ እሱ ማተሚያ ቤቱ እንደማይጀምርልሽ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

ከዚያ ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ስርጉት፣ የስልክ ልባስ የምትሸጠዋ፣ ዝርዝር ፍለጋ ገባች። መጽሐፉን ከመደርደሪያ ሥር አንሥታ ስታገላብጥ ቆየችና፣ እሰይ የኔ አንበሳ፣ አወጣቻቸው እኮ! ብላ ጮኸች። ማንን አወጣች ብዬ ዘወር ስል፣ እሷ ከግራ ገልጣዋለች።

እስከ ስድስተኛ ክፍል ከድልድዩ ማዶ፣ ገላባት፣ በዓረብኛ እንደተማርሁ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? ሀሁ ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ። ፊደል ካለበት አልስትም። ሥዕል ብቻ ሲሆን ግን እጄ ሳያማክረኝ እንደ ዓረብኛ መጽሐፍ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከግራ ስጀምረው እመት አዋራ እሳቱን ጥሳ ገባች፣ ሽማግሌውን አገኘቻቸው፣ አዘለቻቸው፣ በማሽላው መሐል አሳልፋ ድልድዩን አሻገረቻቸው። አንቺ አባቴን አውጥተሽልኛል፤ እኔ ሰደብሁሽ። ስርጉት ምን ሆንሽ ብትለኝ ዝርዝሯን ሰጥቼ ሸኘኋት። ሱቁን ዘጋሁት።

በማግሥቱ ገንዳ ውሃ ሄጄ ለሙኽታር በአፌ ነገርሁት። ከቀኝ ነው ያነበብሁት ስለው እንባው እስኪወርድ ሳቀብኝ፤ ወሏሂ ዳኛ ብዬ አንቺን መሾሜ! አለ። መሳቁስ ደግ፣ ይገባኛል። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ እሺ፣ ሴትዮዋ ሽማግሌውን ጥላ ሄደችም እንበል፣ ያም ታሪክ ነው፤ አንቺን ምን አስቆጣሽ? አለኝ። ሙቀቱ ነው መሰለኝ ብዬ ዐይኑን ሳላይ ወጣሁ። ያም ሆኖ ሁሉንም እወስዳለሁ ብሎ ቃሉን ሰጥቶኛል፤ ይደውልልሻል።

አሁን እውነተኛውን ፍርዴን ስሚ። የቶቡ ጫፍ በንፋስ እንዲያ አይቆምም፤ ለብሰሽው አታውቂምና አልፈርድብሽም። እመት አዋራ ወፍራለች፣ ሽማግሌውን ስታነሣም ጉልበቷን ይዛለች፤ እሱን ወድጄዋለሁ፤ እኛም አርጅተናል። አዋራውን የሳልሽበት ገጽ ላይ አፍንጫዬን ያሳከከኝ መሰለኝ። መጽሐፉ ቆንጆ ነው፤ አሳትሚው።

ስለ አባቴ ግን አንድ ነገር ልበል። እሷ በሩን ስትከፍት ከአልጋው ቀና ብለው ሁለት እጃቸውን ዘርግተውላታል። አልወጣም ያለ ሰው እንዲያ እጁን አይዘረጋም። ማን ነገረሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ምናልባት ሥዕሉ እንዲያምር ብለሽ ይሆናል። እንዳታጠፊው። ትቻቸው ስወጣ ልክ እንደዚያ ነበሩ።

አላህ እጅሽን ይባርከው፣ ጉልበትሽን ይማረው። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። ይቅር ካልሽኝ ደውዪልኝ፤ ካላልሽኝም አልቀየምሽም።

ፊት ያጣችው አብሮ አደግሽ
ከመተማ ዮሐንስ