ዓይኑን ያላነሳው ሙሽራ

ለተከበሩ የክብር መዝገብ ሹም፤
ካሉበት ወንበር።

የአገው ምድር ብርድ ጉልበትዎን ሳይዳፈር፣ ወንበርዎ ሳይቆረቁርዎ፣ የስልክዎም ባትሪ ሳያልቅብዎ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ማክሰኞ ከእጮኛዬ ከባንተአምላክ ጋር ጋብቻችንን ልናስመዘግብ ፊትዎ የቀረብኩት፣ አዘና የማስተምረው መምህርት ሰርክአዲስ ነኝ። የቀበሌዎን ስም ያልጻፍኩት እንግዳ እንዳይበዛብዎ አዝኜልዎ ነው፤ በአደባባይ መጻፌም ረቡዕና ሐሙስ በርዎ ተዘግቶ ስለጠበቀኝ ነው።

እንደሚያስታውሱት እጮኛዬ ስሙን ሲጠየቅ ተናገረ፣ ፈቃዱን ሲጠየቅም «አዎ፣ እፈልጋለሁ» አለ። እርስዎ ግን ዓይኑን ከጠረጴዛው ስላላነሳ የሚሆነውን አያውቅም፣ የአእምሮው ጤንነት ማስረጃ ይምጣ ብለው መዝገቡን ዘጉት። ኦቲዝም እንዳለበት፣ የሰው ዓይን ማየትም እንደሚያደክመው ሳስረዳዎ ጭራሽ ማስረጃው ሁለት እንዲሆን አዘዙ። ለዚህ ሁሉ ጥንቃቄዎ ምስጋናዬን አቅርቤ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

፩ኛ፤ በእኛ አገር ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሲሰብር «አንገቱን የደፋ፣ የጨዋ ልጅ» ይባላል። እኔም ያን ዕለት እናቴ እንደመከረችኝ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ስቤ መሬት መሬት ሳይ ነበር የቆየሁት፤ እርስዎም ጨዋነቴን አመስግነው ነበር። እንግዲህ ሁለት ሰው አቀርቅሮ አንዷ ጨዋ፣ አንዱ አእምሮው የጎደለ የሚባልበትን የሕግ አንቀጽ ቢጽፉልኝ ለተማሪዎቼ አስተምረዋለሁ።

፪ኛ፤ የእኔን አእምሮ ማስረጃ አለመጠየቅዎ ቅር አሰኝቶኛል። እኔ ከእንጅባራ ዳንግላ እሄዳለሁ ብዬ በተቃራኒው በቡሬ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ቲሊሊ ስደርስ የባነንኩ ሴት ነኝ። ባንተአምላክ ግን ዳንግላ ጋሪ መቆሚያው አጠገብ የፈረስ ዕቃ ሲሰፋ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የትኛውን ፈረስ የትኛው ጠፍር እንደሚልጠው ከባለቤቱ ይልቅ ያውቃል። ምስክራችን ባለጋሪው አያ ሽመክትም ፈረሴን ለወንድሜ አላውስም፣ ለእሱ ግን ልጓሙን ሰጥቼ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ ብለውዎታል። ይህን ከማስረጃ አልቆጠሩትም፤ ማኅተም የለውማ።

፫ኛ፤ «ነገር በዓይን ይገባል» ብለው ተርተውብናል። ልክ ነዎት፣ ነገር በዓይን ይገባል፤ ፍቅር ግን እኛ ዘንድ በሌላ በር ነው የገባው። ከሦስት ዓመት በፊት የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጥሶ ወሰድኩለት። ሲሰፋ አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም። ስረከበው ግን ከማንገቻው ሥር ለስላሳ ቆዳ ደርቦበት አገኘሁ፤ ማንገቻው ያለቀበትን ጎን አይቶ ትከሻዬን የሚልጠኝን ቦታ አውቆት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዘና ስመጣ፣ ሚኒባሱ ቢዘገይም ዝናብ ቢጥልም፣ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። አምና ደግሞ አንድ ቅዳሜ ጠፍሩን እየሰፋ «ቅዳሜ ብቻ አይበቃኝም» አለኝ። የጋብቻ ጥያቄው ይኸው ነበር። ዓይን ዓይኔን እያዩ ያሞገሱኝ ወንዶችም ነበሩ፤ አንዳቸውም በዝናብ ቆመው አልጠበቁኝም። እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ፤ በቅጽዎ ላይ መጻፊያ ቦታ ስላጣሁለት እዚህ ጻፍኩት።

፬ኛው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። በጋብቻ ምክንያት ከአዘና ወደ ዳንግላ የመዛወሪያ ማመልከቻ የሚዘጋው የፊታችን ዓርብ ነው፤ ያለ እርስዎ ወረቀት ደግሞ አይቀበሉኝም። ዓርብ ካለፈ አንድ ዓመት ሙሉ የቅዳሜ ሚስት ሆኜ መኖሬ ነው። ባንተአምላክ ለመጻሕፍቴ መደርደሪያ ሠርቶ፣ የልብሱን ሣጥን ወደ ጥግ ገፍቶ፣ ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት ለእኔ ለቆ ጨርሷል። አንዴ ያሰበው ነገር ሲፋለስበት እህል አይወርድለትም፤ ከማክሰኞ ወዲህ የሰፋውን እየፈታ እንደገና ይሰፋል። እዚህ ላይ ቀልዴ ስላለቀብኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እንግዲህ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ከነምስክሮቻችን እንመለሳለን። ዓይን የግድ ካስፈለገዎ የእኔ ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ ነጠላዬን ወደ ኋላ ጥዬ፣ ለእሱም ለራሴም ሆኜ አይዎታለሁ።

የማኅተምዎ ናፋቂ፣ የበርዎ ደጅ ጠኚ፣ የቢሮዎን ወለል ከነስንጥቁ በቃሏ የያዘች፣
መምህርት ሰርክአዲስ፤ ከአዘና።

ማስታወሻ፦ ባንተአምላክ ደብዳቤውን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ አንድ ነገር አስጨምሮኛል። እሱ ያን ዕለት ሲያይ የነበረው ጠረጴዛዎን ነውና፣ ፊትዎ በቆምንበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ጣትዎ ከስልክዎ ላይ የተነሳችው ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሆነ ቆጥሯል፤ አንዴ አፍንጫዎን ለማከክ፣ አንዴ መዝገባችንን ለመዝጋት። ሰው ማየት ለእርስዎም የሚያደክም ከሆነ ሐሙስ ስንመጣ እንዳይጨነቁ ንገሪልኝ ብሏል፤ እሱ ማስረጃ አይጠይቅዎትም።