በጭስ መሀል ስለተካሄደው ጨረታ

ለተከበሩ የፍለጋ ድርጅቱ የማስታወቂያ ክፍል የበላይ ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የቤትዎም በር በፈለጉት ሰዓት የሚከፈት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በማተሚያ ቤት የጽሑፍ አራሚ ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ቢሮዎ ለአቤቱታዬ የላከልኝ ትሕትና የተሞላበት መልስ ለእኔ ብቻ ሊቀር የማይገባው ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ወደ አዲሱ ሰፈራችን በገባን በሳምንቱ፣ ወተት ምድጃ ላይ ጥጄ ቆሻሻ ለመጣል ብቅ አልኩ። ነፋስ በሩን ከኋላዬ ድርግም አድርጎ ዘጋው። ቁልፉ ውስጥ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጄ ውስጥ፣ ወተቱም ውስጥ፤ እኔና ስልኬ ውጭ። ጎረቤት ባንኳኳ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። እሳት አደጋ ደወልኩ፤ መኪናው ከከተማው ማዶ መነሣቱን ነገሩኝ። በትከሻዬ ብገፋው በሩ ብረት ነውና ንቅንቅ አላለም፤ የውስጥ እጀታውም ከልጄ ቁመት በላይ ነው። ያን ጊዜ ነው «ቁልፍ ሠሪ በአቅራቢያዬ» ብዬ እርስዎ ደጅ የመጣሁት።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ ላመስግን። ቢሮዎ እንዳስረዳኝ፣ ጽፌ ጣቴን ሳላነሣ ጨረታ ተካሂዷል። እያንዳንዱ አስተዋዋቂ፣ ሰው ማስታወቂያውን ቢነካለት እስከ ስንት እንደሚከፍል አስቀድሞ ተናግሯል፤ እናንተም ያን ዋጋ ከማስታወቂያው «ጥራት» ጋር፣ ማለትም ሰው ይነካዋል ተብሎ ከሚገመተው፣ ከተፈለገው ነገር ጋር ካለው ዝምድናና ከገጹ አመቺነት ጋር አመዛዝናችሁ ማን ከላይ እንደሚሰለፍ ወስናችኋል። አሸናፊው እንኳ የሚከፍለው ከሥሩ ያለውን ለመብለጥ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው አሉኝ። እንዴት ያለ ርኅራኄ ነው! የልጄ ሳል በየትኛው መስፈርት እንደተመዘነ ግን አልገለጻችሁልኝም።

ሁለተኛ፣ ምርጫዬን ለማስፋት ስለደከማችሁት ድካም። ከሁሉ በላይ የተቀመጠውንና «በደቂቃዎች ደርሰን እንከፍታለን» የሚለውን ማስታወቂያ ነካሁ። «ድርጅታችንን ስለመረጡ እናመሰግናለን፤ ለመኪና አንድን፣ ለቤት ሁለትን ይጫኑ» አለኝ። ሁለትን ተጫንኩ። ድምፀ ለስላሳ ልጅ መጣችና ሰፈሬን ብነግራት «የየትኛው ከተማ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጭሱ በበሩ ሥር መውጣት ጀምሯል።

«እማዬ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ» ትላለች ልጄ ከውስጥ።

«ወደ በሩ ነይ የኔ እናት፤ መሬት ላይ ተቀመጪ» እላለሁ።

ስልኩን ዘግቼ ሌላ ስም ያለውን ሁለተኛውን ማስታወቂያ ብነካ ያችው ልጅ አነሣች። «ቅድም ደውለው ነበር አይደል? ባለሙያችን መንገድ ላይ ነው» አለችኝ። ከተማዬን ገና አልነገርኳትም ነበር።

ከዚያ ልጄ ዝም አለች። ክቡርነትዎ ልጆች ካሉዎት ስለዚያ ዝምታ መንገር አያስፈልገኝም፤ ከሌሉዎትም አልችልበትም።

ማስታወቂያዎቹን ሁሉ አልፌ ወደ ታች ስወርድ፣ ሳይከፈልበት የተቀመጠ የአንድ ቁልፍ ሠሪ ስልክ ቁጥር አገኘሁ። ሸምገል ያሉ ሰው አነሡና ገና ሳልጨርስ «ልጄ፣ ቀይ መጋረጃ ያለበት መስኮት ያንቺ ነው? ጭሱን እያየሁት ነው፤ መጣሁ!» አሉኝ። ሱቃቸው ከሕንፃችን ፊት ለፊት ነው፤ ሰፈርተኛው «አባ መክፈቻ» ይላቸዋል። ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ፤ መሣሪያቸውን አውጥተውም ወዲያው በሩ ላይ መሥራት ጀመሩ። በሩ ሲከፈት ጭሱ ፊታችንን መታን። ልጄ መሬት ላይ ተጋድማ ነበር። አፈፍ አድርጌ ወደ ደረጃው ይዣት ወጣሁ። መጀመሪያ ሳለች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፤ እንደዚያ ደስ ያለኝ ለቅሶ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። መንገድ ላይ ነው የተባለው «ባለሙያ» ዛሬም መንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛ፣ አባ መክፈቻ ምድጃውን አጥፍተው ደረጃው ላይ ሲያርፉ፣ ለምን ከላይ እንዳልተቀመጡ ጠየቅኳቸው። «አንድ ሰሞን ተጫርቼ ነበር፤ እኔ ስጨምር እነዚያ ከላይ ያሉት አስተዋዋቂዎችም ይጨምራሉ። ኋላማ የፍለጋ ድርጅቱ ሰዎች፣ ማስታወቂያህን ሰው አይነካውምና ጥራቱ ዝቅተኛ ነው አሉኝ። ሰው እንዳያየኝ ታች የሚያስቀምጡኝ እነሱ፣ ማስታወቂያህን ሰው አላየውም ብለው የሚቀጡኝም እነሱ!» ብለው ሳቁ። እኔ ልጄን እንዳቀፍኩ ነበርና አብሬያቸው መሳቅ አቃተኝ።

ቢሮዎ በመልሱ «ሥርዓታችን ምንጊዜም ለተጠቃሚው የሚጠቅመውን ያስቀድማል» ብሏል። አራሚ ነኝና እንዲህ ያለ ግድፈት አይቶ ማለፍ ሙያዬ አይፈቅድልኝም፤ «ለተጠቃሚው» የሚለው «ለእኛ» ተብሎ ይታረም። ጊዜ ከተረፋችሁም፣ ቁልፍ ሠሪ ነኝ ብሎ የመጀመሪያውን ቦታ የሚገዛ ሁሉ ቁልፍ መሥራቱን ጠይቃችሁ ብታረጋግጡ ውለታችሁን አልረሳም።

በጨረታችሁ ስሸጥ የኖርኩ፣ ዋጋዬን ግን እስከ ዛሬ ያልሰማሁ፣

ታዛዥ ተጠቃሚዎ፣
የአንዲት ልጅ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚያ ቀን ወዲህ የትኛውንም ገጽ ስከፍት የዚያው ድርጅት ማስታወቂያ «ተቆልፎብዎታል?» እያለ ይከተለኛል፤ ስላልረሳችሁኝ አመሰግናለሁ። ልጄ ገና ማንበብ አትችልም። በማስታወቂያው ላይ ያለውን የቁልፍ ሥዕል ስክሪኑ ላይ ባየች ቁጥር ግን ተነሥታ ትሄድና እንዳስተማርኳት በርጩማ ላይ ወጥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ደፉ ላይ ትቀመጣለች።