በመርከብ ላይ የዋለ ፋሲካ

ኅዳር 3 ቀን 1944 ዓ.ም.
ቶኪዮ፣ ከሆስፒታል

ውድ ሰዓዳ፣

ይህን ደብዳቤ እንደ ሌሎቹ ለእናትሽ ለእማማ ዘይነባ ጮክ ብለሽ ማንበብ እንዳትጀምሪ። በሩን ዝጊና መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። ያለ ሽማግሌና ያለ ማለዳ የሰው በር እንደማይንኳኳ እናቴ ጤናዬ አስተምራኛለች። ግን ከዚህ አልጋ ሆኜ የምልከው ሽማግሌ ከየት ላምጣ? ወንድምሽ ሽኩር ሞቷል። መስከረም አሥራ ሁለት ቀን ረፋድ ላይ፣ ኮሪያ ውስጥ፣ ቁጥር እንጂ ስም በሌለው ኮረብታ ላይ እጄ ውስጥ ሞተ።

እስከ ዛሬ ለምን ማንም እንዳልነገራችሁ ልንገርሽ። በሞቱት ሰዎች ዝርዝር ላይ ሽኩር የሚባል የለም። አየለ የሚባል አለ። አየለ እሱ ነው።

ወታደር ልንሆን የተሰለፍን ቀን ሽኩር ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ፣ «በእስላም ስሜ ከተመዘገብኩ ባሕር ማዶ አይልኩኝም» አለኝ። «ማን ነገረህ?» አልኩት። «ሁሉም ሰው ያውቃል» አለኝ። እኔም ያንኑ ወሬ ኮልፌ ገበያ ሰምቼው ስለነበር አመንኩት። ጸሐፊው ስሙን ሲጠይቀው አየለ አለ። ዋስ አምጣ ሲባል እኔ ቀረብኩና «ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ አየለ ነው» ብዬ ፈረምኩለት። የእሱ ደብዳቤዎች ሁሉ በእኔ ፖስታ ውስጥ ይመጡላችሁ የነበረው ለዚህ ነው። ያን ቀን ስንወጣ በሳቅ ልንሞት ነበር። ሁለት ጅል።

ከለገሐር ጅቡቲ በባቡር፣ ከጅቡቲ በመርከብ ነው የሄድነው። ባሕሩ አንጀታችንን ገለበጠው። የደብረ ብርሃን ጎረምሳ፣ የሐረር ጎረምሳ፣ ሁሉም ባልዲ አቅፎ ይተኛል። ወሩ ሁዳዴ ነበርና እኛ ስንጾም ሽኩርም አብሮን ይጾማል። ባቄላና ሩዝ ሲበላ ማን እስላም ማን ክርስቲያን እንደሆነ ማን ይለያል? «ጾማችሁን ባታፈርሱ ምን ነበረበት፣ እስከ ኮሪያ ድረስ ሰላም እንሆን ነበር» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እኔም እስቃለሁ። ፋሲካ እየመጣ መሆኑን ግን ሁለታችንም እየቆጠርን ነበር።

የሥጋን ነገር አንቺ ታውቂዋለሽ። እናቴ ለፋሲካ ሁለት ዶሮ ትገዛና አንዱን እግሩን አስራ ከነነፍሱ ወደ እናንተ ቤት ትልክ ነበር፤ እናንተ በራሳችሁ እጅ እንድታርዱት። እማማ ዘይነባም ለኢድ እንደዚያው ያደርጋሉ። ሃያ ዓመት በአንድ አጥር ስንኖር ውኃ ተጠጥቷል፣ ዳቦ ተቆርሷል፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ አጥብታለች። በሥጋ ግን ማንም ማንንም አልነካም። የሌላውን እርድ የበላ ሰው ሃይማኖቱን ለወጠ ነው የሚባለው። ይህን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

ፋሲካ የዋለው በባሕር ላይ ነው። ቄሱ ባርከው ሥጋው በትልልቅ ሳህን ቀረበ። ሁለት ወር ሙሉ የጾመ ሰው እንዴት እንደሚበላ ታውቂዋለሽ። ሽኩር ድንቹን ብቻ እየለየ ይቆርጣል። የአሥር አለቃችን አየው።

«አየለ፣ ሥጋው ምን አደረገህ?»

«ሆዴን አሞኛል።»

«ድንቹ አያምም? ወይስ ቢስሚላህ ሳይባልበት ነው የቀረበው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነው። ውሸቱ ከወጣ ዋሱ እኔ ነኝ፤ እሱን ከጅቡቲ ይመልሱታል፣ እኔን ያስሩኛል ብዬ አሰብኩ። ከጅቡቲ ከራቅን ሳምንት ማለፉን እንኳ ረሳሁት። ከነገሩ ጾም እደሩ ይባላል፤ እኔ ግን ተነሣሁ። «ቅንጦት ነው የያዘው፣ እኔ አጎርሰዋለሁ» አልኩና እየሳቅሁ በክንዴ አንገቱን አነቅሁት። አፉን ገጠመ። መንጋጋውን በጣቶቼ ፈልቅቄ ሥጋውን ከነአጥንቱ ወተፍኩበት። ዓይኑ ዓይኔን እያየ ነበር። ፀሐዬ፣ ተው፣ የሚል ዓይን ነበር፤ አልተውኩም።

ጣቴን እስከ አጥንቱ ነከሰኝ። አብጄ በቡጢ አፉን መታሁት፤ የፊት ጥርሱ ተሰበረ። በወንበር ጀርባዬን ገመሰኝ፣ እኔም ጭንቅላቱን ከብረቱ ግድግዳ ጋር አጋጨሁት። ደሙ ሳህኑ ላይ፣ ሥጋው ላይ ተረጨ። አምስት ሰው ነው የገላገለን። የአሥር አለቃው የወንድማማች ጠብ መስሎት አሥር ቀን መርከብ አስጠረገን። አንድ መጥረጊያ ይዘን አሥር ቀን አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በመጨረሻው ቀን ብቻ፣ «ከእናንተም አልሆንኩም፣ ከእኛም አወጣኸኝ» አለኝ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ትዕቢተኛ ነኝ፣ ታውቂኛለሽ።

የዚያ ኮረብታ ነገር እንዲህ ነው። ሦስት ጊዜ ወጥተን ሁለቴ መለሱን። በሦስተኛው ምሽጋቸው ውስጥ ገባንባቸው። ጥይት ሲያልቅ በሳንጃ፣ ሳንጃ ሲሰበር በሰደፍ ሆነ። አንዱን ፊቱን በሰደፍ መታሁት፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው፤ እስኪዘረር ድረስ ደጋግሜ መታሁት። ከዚያ የእጅ ቦምብ ወደቀና ግራ እግሬን ከጉልበቴ በታች ወሰደው። ጓዶቼ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እኔ ጭቃው ውስጥ እንደ ታረደ በግ እየተንፈራገጥኩ ቀረሁ።

የተመለሰው ሽኩር ብቻ ነው።

በቀበቶው ጭኔን አስሮ በጀርባው አዘለኝ። ጥቂት እንደሄድን አንድ የቻይና ወታደር ከጉድጓድ ዘሎ ወጣበትና ሦስታችንም ተንከባለልን። ሽኩር ከላዬ ሆኖ ታገለው፤ በመጨረሻ በብረት ቆቡ ጭንቅላቱን ቀጥቅጦ ገደለው። የሰውዬው ደም ፊቴ ላይ ይፈስስ ነበር። እንደገና አዘለኝ። ወገኖቻችን ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን መድፍ ወደቀ። ስነቃ እሱ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ሆዱ ተከፍቷል። አንጀቱን በሁለት እጄ ይዤ ልመልስለት ሞከርኩ። ከዚህ በላይ አልጽፍልሽም።

ሳቀ፤ የተሰበረው ጥርሱ ታየኝ። «ይህቺን ጥርስ ግን አልምርህም» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁ ቀነሰ። «ለእማዬ አልበላም በላት። ተፍቼዋለሁ። ወላሂ አንዲት አልዋጥኩም።» ከዚያ በከንፈሩ ብቻ ሸሃዳውን አለ።

ወገኖቻችን አንሥተውን በቃሬዛ ላይ ተኝቼ ሬሳው አጠገቤ እንዳለ የጦሩ ጸሐፊ መጣ። «ይሄ አየለ ነው?» አለኝ። ሰዓዳ፣ ያን ጊዜ እንኳ ዋስነቴን ፈራሁ። አዎ አልኩ። መስቀል ተክለው አየለ ብለው ጻፉበት። አንድ ጊዜ በሕይወቱ፣ አንድ ጊዜ በሞቱ ከዳሁት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ትናንት የጦራችን አዛዥ ሻምበሉ ቁስለኛ ሊጠይቅ ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት። ታስሬ እንደምወሰድ አልተጠራጠርኩም። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «በእኔ ጦር ብቻ በገዛ ስማቸው የተመዘገቡ ሦስት እስላሞች አሉ። የፋሲካ ዕለት በዚያው መርከብ ላይ ዓሣ ተለይቶ ነው የቀረበላቸው። ማን ከለከላችሁ?» አለኝ።

ማንም አልኩት። ማንንም አልጠየቅንም።

ወረቀት አምጥቶ ሟቹ ሽኩር ጀላል መሆኑን አስፈረመኝ። መስቀሉ ይነሳል፣ ስሙ ይጻፋል ብሎኛል። ደብዳቤውን አጣጥፈሽ ያዢና ሼህ ሰይፈዲን ጋ ሂጂ፤ ሽማግሌ ይዘው በማለዳ ይምጡ። ሲሰገድለት በስሙ ይጠራ። እማማ ዘይነባ ሲረጋጉ ግን አልበላም በያቸው። የተፋውን ሥጋ ከመርከቡ ወለል ላይ በእጄ ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ እመሰክራለሁ።

በጥር ወይም በየካቲት በአንድ እግሬ አገሬ እገባለሁ ይላሉ። ወደ እናንተ በር ግን ሳልጠራ አልመጣም። ፋሲካ ሲደርስ እናቴ እንደ ልማዷ ዶሮውን ከነነፍሱ ትልክላችኋለች። ከተቀበላችሁ እመጣለሁ። ከመለሳችሁትም ይገባኛል።

የሽኩር ጀላል ዋስ፣
ፀሐዬ