የበህናም ቀይ ስም

ሐሙስ፣ የካቲት 14

ዛሬ ሥራ ተገኘ። ሙዛሂም የሚባል ሰው ነው፣ ከገጠር የተፈናቀለ። አነጋገሩ እንደኛ የሞሱል አይደለም። የበህናምን ሱቅ ከልጆቹ ገዝቶታል። እንደ በህናም እሱም ቱርሺ ሊሸጥ ነው... ኪያሩን፣ ሽንኩርቱን በኮምጣጤ ነክሮ። ከበሩ በላይ ያለውን ስም አጥፍቼ የሱን እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ዛሬ ሁሉም የታተመ ፕላስቲክ ሲሰቅል አንተ ለምን በእጅ ፈለግክ ብዬ ስጠይቀው፣ ፕላስቲክ የሰቀለ ሱቅ ነገ የሚነሳ ይመስላል አለኝ። ወደድኩት።

ግን ያንን ስም የጻፈው አባዬ ነው። እኔ ሳልወለድ። በህናም ጓደኛው ነበር። ክርስቲያን ስለነበር በጦርነቱ ከነሚስቱ ሸሽቶ ኤርቢል ከተማ ሞተ።

ለአባዬ እንዴት ልንገረው?

የካቲት 15

ነገርኩት። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ስለ ሥራ ብዙም አያወራም። "ነጭ ቀቢበት" አለኝ።

የካቲት 18

ነጭ ቀባሁ፣ ሁለት እጅ። በላዩ ላይ በጥቁር "ሙዛሂም"። ከመሰላሉ ስወርድ የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያያል። ሙዛሂምን እንኳን ደስ አለህ ያለው አልነበረም።

የካቲት 25

ትናንት ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ዛሬ ጠዋት ሙዛሂም በራችን ላይ ቆሟል።

"እህቴ ኒብራስ፣ ሰውዬው ተመልሷል።"

ሄጄ አየሁ። ከነጩ ሥር ቀዩ ወጥቷል። መጀመሪያ የፊተኛዋ ፊደል ሆድ፣ ከዚያ ነጥቧ፣ ከዚያ የመጨረሻዋ የዓረብኛ ፊደል፣ የሚም ረጅም ጅራት... ከቆዳ ሥር እንዳለ ቁስል። በሙዛሂም ስም መሀል በህናም ይነበባል።

ቀይ ቀለም ነጩን እንደሚያልፍ አውቃለሁ። የሙያው ነገር ነው፣ አዲስ አይደለም። ታዲያ ለምን ፈራሁ?

መጋቢት 3

ደግሜ ቀባሁ። የሙዛሂምንም ስም እንደገና ጻፍኩ።

መጋቢት 9

ወጣ። እንደገና።

ዳቦ ጋጋሪው አቡ ቀህጣን መንገድ ላይ ቆሞ፣ የሞተው ባለቤት ቦታዬን አልለቅም ብሏል እያለ ለሚያልፈው ሁሉ ያወራል። እየሳቀ ነው የሚያወራው፣ ግን እሱም ቢሆን ሱቁ አይገባም። ሰዎች ደጃፉ ድረስ ይመጣሉ፣ ቀና ብለው ያያሉ፣ ይመለሳሉ። የሙዛሂም ሚስት ቤቱ ጠልቶናል፣ እንሂድ ትላለች አሉ። ወዴት? ቤታቸው ፈርሷል።

ሙዛሂም አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የአባቱ ስም የተጻፈበት ሱቅ እነሱም ነበራቸው፤ ከነግድግዳው ተቃጠለ። "የሰው ስም ላጠፋ አልመጣሁም" አለኝ። "ግን የት ልሂድ?"

መጋቢት 10

ይህን ለአባዬ ነገርኩት።

"መጀመሪያ ብርማ ቀለም ቅቢበት። ነጩን ከሱ በላይ። ያኔ አይወጣም።"

"ታውቅ ነበር? ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?"

"ስሙ ትንሽ ይቆይ ብዬ ነው።"

መጋቢት 14

ብርማውን ቀባሁ። ሚሟን ለመጨረሻ ተውኳት። አባዬ እጄን ይዞ ፊደል ያስተማረኝ በሷ ነበር። ከዚያ እሷም ጠፋች።

መጋቢት 27

ሁለት ጊዜ ዘነበ። ንጹሕ ነው። ሰው መግባት ጀምሯል፣ ቱርሺውም ጥሩ ነው ይላሉ። እኔ ግን ባለፍኩ ቁጥር ቀና እላለሁ። ምን ልፈልግ? ሲወጣ ያስፈራኝ ነበር። አሁን አለመውጣቱ ባሰብኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 6

የበህናም ሚስት መጣች። ኡም ረዓድ። ለበዓሉ ጸሎት ከኤርቢል በአውቶቡስ ከመጡት ክርስቲያኖች ጋር።

እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ፣ የአቡ ቀህጣንን ዳቦ ቤት ስጽፍ። መንገዱ ተቀይሯል፣ በሮቹ ሁሉ አዲስ ናቸው። ቀና ብላ እያየች መጣች... ሱቁን አለፈችው። ተመለሰች። እንደገና አለፈችው። ልጠራት ፈለግኩ።

ሙዛሂም ወጣ። በሕይወቱ አይቷት አያውቅም።

"እናቴ፣ የበህናምን ሱቅ ነው የሚፈልጉት? ይኸው፣ እዚህ ነው። ይግቡ።"

ወደ ላይ አየች። ጥቁሩን ስም አነበበች።

"ታዲያ እሱ የት አለ?"

ሙዛሂም ወንበር አወጣላት፣ ውሃ ሰጣት። ከማሰሮው አንድ ኪያር አውጥታ ቀመሰች፣ ጨው አንሶታል አለችው፣ ሄደች።

ከመሰላሉ ስወርድ ሙዛሂም እየጠበቀኝ ነበር። "መልሰሽ ጻፊው" አለኝ። "ያንን ጥያቄ ሁለተኛ መስማት አልችልም።"

ሚያዝያ 12

ጻፍኩት። በህናም ከላይ፣ በቀይ፣ ትልቅ። ሙዛሂም ከሥሩ፣ ትንሽ። እሱ ራሱ እንዲያ ይሁን አለ። ሚሟን እንደ አባዬ አወረድኳት፤ እንደሱ ትንፋሼን ይዤ።

የሰፈሩ ሰው ወጥቶ አየ። አቡ ቀህጣን ዓይኑን ጠረገ። ይኸው እሱ ራሱ ነው፣ ምንም አልተለወጠም አለ። ሁሉም እንዲያ አሉ። የሙዛሂም ሚስት ከልጆቿ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ ሰው ሲያልፍ ሰላም ትላለች።

ከሰዓት አባዬን ደግፌ ወሰድኩት። ረጅም ጊዜ አየ።

"ቆንጆ ነው" አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ "ግን የእጅ ጽሑፉ ያንቺ ነው።"

ልክ ነው። እኔም አይቼው ነበር፣ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ። የአባዬ ጽሑፍ ከብርማው ሥር ቀርቷል፤ እኔው ነኝ የደፈንኩት።

ስንመለስ ክንዴን ይዞ ቀስ እያለ ይራመዳል። የኔስ የት አለ ብሎ እንዳይጠይቀኝ ፈርቼ፣ ስለማይረባው ሁሉ ሳወራ ቤት ደረስን።