ለሩቂያ የወጣነው ደቦ

ሰኞ

ሩቂያ ዛሬም አልመጣችም። ሰሌዳው ፊት የሚቆም ጠፍቶ ሁላችንም መጽሐፋችንን ገልጠን ተፋጠጥን። እኔ አንዲት የሎጋሪዝም ጥያቄ ይዤ ረፋዱን ፈጀሁት። መልሱ ከመጽሐፉ ኋላ አለ፤ እንዴት እንደሚደረስበት ግን የሚነግረኝ የለም።

ክረምቱን ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና እንዘጋጅበት ያለችው እሷ። ርእሰ መምህሩን ለምና ክፍሉን ያስከፈተችው እሷ። ሒሳብ የምታስረዳን እሷ። ሳይገባኝ «ገባኝ» ካልኩ ዓይኔን አይታ ታውቅብኛለች። እቀናባታለሁ፤ መውደዴ ግን ይበልጣል።

ማክሰኞ

ከሮቤ ወጣ ብሎ እስካለው ማሳቸው ጭቃውን ስረግጥ ሄድኩ። ማጭድ ይዛ አገኘኋት። ሌላው አገር ክረምቱን ዘርቶ ይጠብቃል፤ የኛ ባሌ ገብስ የሚደርሰው ደግሞ አሁን፣ በነሐሴ ነው። አባቷ ኦቦ ከድር ወገባቸውን ታመዋል፤ ወንድሟ ለቡና ንግድ ደሎ መና ወርዷል።

«ገብሱ ፈተና አይጠብቅም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ አባቷ። «ታጭደው፤ ከዚያም መሬቱ ይታረሳል። ትምህርቱን... እናያለን።»

«እናያለን» ማለት እምቢ ማለት እንደሆነ ከገዛ አባቴ ተምሬያለሁ።

«ጎረቤት ለምን አይጠሩም?» ብዬ ለብቻዋ ጠየቅኳት። አባቷ ዘንድሮ በሕመማቸው የማንም ደቦ አልወጡም። ያልወጣ ሰው ሌላውን ለመጥራት ያፍራል። ይህን ነገረችኝና በማጭዷ ጫፍ ጭቃው ላይ ያቺን የሎጋሪዝም ጥያቄ ሠራችልኝ። እንዲህ ያለች ልጅ ማሳ ላይ ልትቀር!

ረቡዕ

«እኛ ደቦ እንውጣላት» አልኩ ክፍል ውስጥ። የልብስ ሰፊው ልጅ ቢኒያም ማጭድ በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ መጀመሪያ እጁን ያወጣው ግን እሱ ነው። እናቴ «በፍልሰታ ጾም ወገብሽን ልትሰብሪ!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ራሷ ከጎረቤት ማጭድ ተውሳ አመጣችልኝ።

ሐሙስ

እጄ ተልጧል። ብዕር መያዝ ራሱ ያመኛል።

ኦቦ ከድር ሲያዩን የማጭዳችንን ስለት በጣታቸው ሞከሩ። ሩቂያ ከፊት ከፊት እያጨደች የባዮሎጂ ጥያቄ ትጠይቀናለች፤ ያልመለሰ የሷንም መሥመር ጨምሮ ያጭዳል። ቢኒያም ብዙ አጨደ።

ቀትር ላይ የነዶአችንን ብዛት እያየን ኮራን። ኦቦ ከድር መጡና አንዱን ነዶ በምርኩዛቸው ገለበጡት።

«ይሄ ነዶ ነው ወይስ ጃርት?»

ለካ ፍሬ ያለውን ጫፍ ግማሹን ወዲህ፣ ግማሹን ወዲያ አድርገን ነው ያሰርነው። እንዲያ ሆኖ አይከመርም። ሁሉንም ፈትተን እንደገና አሰርን። የሩቂያ እናት አዴ ፋጡማ ለጾመኞቹ ቅቤ ያልነካው ቂጣና ቆሎ ለብቻ አቀረቡልን። ሩቂያ ነግራቸው ኖሯል። ይህንንም አልረሳችም!

እየበላን ለቢኒያም ያልገባውን ስታስረዳው ሁላችንም ማላመጥ አቁመን አዳመጥን። አባቷ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናት?»

«ሁልጊዜ» አልኳቸው።

«ቤት ውስጥ እኮ ቃል አይወጣትም» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

ማሳው ገና ግማሹ አልታጨደም። ከተራራው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ ከቀደመን ገብሱም ሩቂያም ይቀራሉ።

ዓርብ

ጠዋት ስንደርስ ጎረቤቶቹ ቀድመውን ማሳው ውስጥ ገብተዋል። ማንም አልጠራቸውም። ትናንት የከተማ ልጆች ሲያጭዱ አይተው ተቆጥተው ነው የመጡት። አንድ ሽማግሌ ኦቦ ከድርን «እኛ ሞተናል ወይ? የታመመ ሰው ደቦ ይቆጠርበታል?» እያሉ ይወቅሷቸዋል። የጁምዓ ሶላት ሳይደርስ ገብሱ ታጭዶ ተከመረ። ጎረቤቶቹ ለእርሻውም እንወጣለን አሉ። ጎበዞች ናቸው፤ እኛ እንቅፋት ሆነንባቸው ነው ያረፈድነው።

ከመስጊድ ሲመለሱ ኦቦ ከድር ጠሩን። ሊገሥጹን መስሎኝ ፈራሁ።

«እናንተን ማጨድ ከማስተማር እሷን ዩኒቨርሲቲ ማስገባት ይቀለኛል» አሉ። «ይዛችኋት ሂዱ። ለመዝራት ልሂድ ብትልም እንዳትልኳት፤ ፈተናዋን እስክትፈተን ማሳ አትረግጥም።»

ሩቂያ ፊቷን አዞረች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። አቅፌያት እኔም አለቀስኩ።

ቢኒያም ብቻ የተላጠ እጁን እያየ «እንግዲህ ነገ ሒሳብ አለ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።