ግርማን ኢምፓክት ያማረው ሰሞን

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ኢምፓክት እንግዛ አለኝ። ግርማ ነው ይህን ያለው፣ ባሌ። በባትሪ የሚሠራ የጎማ ቡሎን መፍቻ ማሽን። ራት እየበላን፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ ጨው አቀብዪኝ እንደሚል ሰው።

ስዊድን ከመጣን ጀምሮ ጎማ የሚፈታው በክሮስ መፍቻ ነው። ጥቅምት ሲጋመስ የክረምት ጎማዎቹን ከምድር ቤት ያወጣል፣ ክሪኩን ያቀርባል፣ ቡሎኑን በክንዱ ብቻ ይፈታል። በእግሩ መጫን እንኳ ነውር ይመስለዋል። አምና ጎረቤታችን ሽማግሌው ስዊድናዊ በማሽን ሲፈታ አይቶ፣ ጉልበት ላነሰው ሰው ጥሩ ነገር ነው ብሎ ሲሳለቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መኪናችንን ለዓመቱ ቤሲክትኒንግ ከሚመረምሯት ሰዎች በቀር ሌላ እጅ ነክቷት አያውቅም።

ይህ ሳያንስ አንቺ ምረጪው አለኝ። የመፍቻ ሳጥኑን ስከፍት እንኳ ዓይኑ የሚከተለኝ ሰው! ላቦራቶሪ ስለምትሠሪ ዝርዝር ማንበብ ይሆንልሻል አለ። ግርማ ካሞገሰኝ ደግሞ የባሰ እጠረጥራለሁ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አንድ ነገር አለ።

ማክሰኞ 11

በምሳ ሰዓት እዚያው ፍሌሚንግስቤሪ፣ የምሠራበት ሆስፒታል ካፍቴሪያ ተቀምጬ ስለ ኢምፓክት አነበብኩ። ሾርባዬ ቀዘቀዘ።

የደረስኩበት፦ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ኃይል የመፍታት አቅሙ ነው። የማጥበቁ አቅም ከዚያ ያነሰ ነው፣ እሱን በደቃቅ ፊደል ከታች ይወሽቁታል። የገዢዎች አስተያየት ሁሉ አምስት ኮከብ። ሁሉም ደግሞ አንድ ሰው ተቀምጦ የጻፋቸው ይመስላሉ። እሰይ ርካሽ አገኘሁ ያልኩት ያለ ባትሪና ያለ ቻርጀር ነው የሚሸጠው። ፎቶው ላይ ግን ባትሪ አለው። በፎቶ ባትሪ ቡሎን የተፈታበት አገር ካለ ይንገሩኝ።

ማታ ጉልበተኛ ነው የተባለውን አሳየሁት። አየት አድርጎ፣ ከባድ ነው፣ ቀለል ያለ ፈልጊ አለኝ። እጀታውም ቀጭን ይሁን አለ። ከድስት እስከ ሶፋ ትልቁ ይሻላል የሚል ሰው፣ ዛሬ ቀጭን እጀታ አማረው።

ቀጭን እጀታ ለቀጭን እጅ ነው። የማን እጅ?

ሶስና አለች። ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣች ልጅ ናት፣ ኪስታ የሚባል ሰፈር፣ ኮምፒውተር ቤት ትሠራለች። በቅርቡ አሮጌ መኪና ገዝታለች። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከግርማ ጋር ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብለው አይቻቸዋለሁ። ጣቶቿ ቀጫጭን ናቸው።

በዚህ ዕድሜዬ ይህን መጻፍ ያሳፍራል። ጻፍኩት።

ረቡዕ 12

ያገለገለ ኢምፓክት የሚሸጥ ሰው ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ፣ ሰፈሩ ኪስታ። ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጬ ሄድኩ። እኛ ሰፈር፣ ሁዲንጌ፣ የሚሸጥ ጠፍቶ አይደለም። እውነቱን ለራሴ ልናገር እንጂ ሶስና ዘንድ የሚያደርሰኝ ሰበብ ፈልጌ ነው።

ሻጩ ገበያ ማዕከሉ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ ጠበቀኝ። ማሽኑ ሥር የባለቤት ስም ተቀርጾበት የነበረ ይመስላል፣ በአሸዋ ወረቀት ተፍቋል። ክቪቶ አለህ ወይ አልኩት፣ የተገዛበት ደረሰኝ። ጠፋ አለኝ። በል አንተም ጥፋ አልኩ በሆዴ፣ አመስግኜው ሄድኩ። የአንድ ምስኪን አናጢ መኪና ተሰብሮ የተወሰደ ዕቃ ካልሆነ ከምላሴ ፀጉር!

ሶስና ስደውልላት ከቢሮዋ ሮጣ ወረደች። አገላብጣ ሳመችኝ። መኪናሽስ አልኳት እንደ ዘበት። ቅር አላት።

"እትዬ ጽጌ፣ ጋሽ ግርማን አስቀይሜያቸው ይሆን እንዴ? የጎማዬን ቡሎን ጀመሩልኝና ተዉት። ዝጓል፣ ወርክሾፕ ውሰጂው አሉኝ።"

ግርማ ሰውን ወርክሾፕ ላከ! እሷም ወሰደችው። እዚያ ግን ዝገት የሚባል ነገር የለበትም ብለው ወዲያው ፈቱላት።

በባቡር ስመለስ መጀመሪያ ቅናቴ ለቀቀኝ፣ ሳቅሁም። ባቡሩ ሁዲንጌ ሲደርስ ግን ሳቁ የለም። ያልዛገ ቡሎን ግርማን እንዴት አቃተው?

ሐሙስ 13

ዛሬ ባሌን ስሰልል ዋልኩ፣ የዕረፍት ቀኔ ነው።

ሻዩን በግራ እጁ ያነሳል። ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ከለበሰ ስንት ጊዜው፣ ሹራብ በሹራብ ሆኗል። የማር ጠርሙሱን ሳይከፍት ገፋ አደረገልኝ፣ በበጋም እንዲሁ ሲያደርግ ስንፍና ነው ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። የበሩን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ጣለና ሁለቴም ቁልፉን ሰደበ።

ቀኝ እጁ ነው። ኢምፓክት ያማረው ለዚህ ነው። ግን ለራሱ ከሆነ ለምን ለቀጭን እጅ? እዚህ ላይ ጥርጣሬዬ ይቆማል።

ሜሮን፣ ልጃችን፣ ከዩተቦሪ ደወለች። ጠቀስ አደረግኩላት። እሷ እንደሆነ አማርኛውን ሰምታ መልሷ በስዊድንኛ ነው፦ "መን ማማ፣ ፍሮጋ ሆነም ባራ።" ዝም ብለሽ ጠይቂው እንግዲህ ማለቷ ነው። ለእነሱ ቀላል ነው። ግርማን አመመህ ወይ ብትለው መልሱ እግዚአብሔር ይመስገን ነው። ምን ሆንክ ብትለው፣ ምን እሆናለሁ።

እህቱ አዲስ አበባ ስትታመም ዘመዶቹ እንዳትጨነቁ ብለን ነው ብለው ደብቀውን፣ የሰማነው መርዶዋን ነው። ያን ጊዜ ስልኩ ላይ እንዴት እንደጮኸ አልረሳውም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እያለ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ሲያስተምር ሰነበተ። መምህሩ ራሱ ይኸውና።

ልጠይቀው አስቤ ሽሮ ሠራሁ። ፈራሁ።

ዓርብ 14

ሱቅ ሄድን። እዚህ ማሽኑን ሙተርድራጋሬ ነው የሚሉት። ግርማ ቀኝ እጁን ከጃኬት ኪሱ አላወጣም። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ፣ ሁለታችንም ተዋናይ ሆነናል።

ሻጩ ለእሱ ማስረዳት ሲጀምር ግርማ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተው። የምትይዘው እሷ ናት አለ፣ በስዊድንኛ፣ ጥርት አድርጎ። ምን ማለት ነው? አንዱን አስያዘኝ። ክንድሽን ዘርጊ አለኝ። ይደክምሻል? ጣትሽ መቀስቀሻው ጋ ይደርሳል? ሌላውን አስያዘኝ። የሠርግ ቀለበቴን ሲያስለካኝ እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቀም።

ሦስተኛው ተስማማኝ። ባትሪና ቻርጀሩ ውስጡ መኖሩን ሻጩን አስከፍቼ በዓይኔ አየሁ። የቡሎን ራስ የሚይዘውን ብረት፣ የሚያብረቀርቀውን ዓይነት ሊሰጠኝ ሲል፣ በኢምፓክት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ጥቁሩን ወፍራሙን አምጣ አልኩት። ግርማ ፈገግ አለ። ትንሽ ኮራሁ።

ፓርኪንጉ ጋ ስንደርስ የመኪናውን ቁልፍ ሰጠኝ። አንቺ ንጂ። መንገዱን ሁሉ የማን እጅ የሚለው ጥያቄ ሲዞርብኝ፣ የእኔ እጅ መሪው ላይ ነበር።

ቅዳሜ 15

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ግርማ ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠና አስተማሪ ሆነ። መጀመሪያ ጎማው መሬት ላይ እያለ ቡሎኑን ላላ አድርጊው፣ ከዚያ ነው በክሪክ የምታነሺው። መቀስቀሻውን ስጫን ማሽኑ አንባረቀ፣ እኔም ጮህኩ። ቡሎኑ ላላ። ሳላፍር ልጻፈው፣ ደስ አለኝ።

ሦስተኛው ጎማ ላይ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ማሽኑን አስቀመጥኩ።

"ግርማ፣ ቀኝ እጅህን ስጠኝ።"

ምን ሆነሻል ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ጨብጠኝ አልኩት። ጨበጠኝ። የአራስ ልጅ ጭብጥ ነበር። ያ ክንድ!

ከፋሲካ ጀምሮ ነው አለ። መጀመሪያ ጣቶቹ ነበሩ፣ አሁን እስከ ክንዱ። ለምን ደበቅከኝ ስለው፣ ቤታችን ሆስፒታል እንዳይሆን ብዬ ነው አለኝ። ከዚያ ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጠ፣ መሬት መሬት እያየ፦

"የባሰ ከመጣ ጎማሽን ማን ይቀይርልሻል ብዬ ነው ያሰብኩት።"

ተናደድኩ። ግማሽ ዓመት ሙሉ እጁ እየከዳው እሱ የሚያስበው ስለ ጎማ! ደም ስመረምር የምውል ሴት ነኝ፣ አንድ ቃል ቢነግረኝ ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ እወስደው ነበር። ይህን ሁሉ ነገርኩት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማኝ። ከዚያ አለቀስኩ። እሱም በሹራቡ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ።

ሥራው ግን ማለቅ ነበረበት። የመጨረሻው ማጥበቅ በማሽን አይሆንም፣ ቡሎን ይበላሻል አለኝ። ልኩ ሲደርስ ቀጭ የሚለውን ረጅሙን የእጅ መፍቻ አወጣ። ብቻዬን ሞከርኩ፣ አልበቃሁም። ግራ እጁን እጄ ላይ ደረበው። አንድ ላይ ተጫንን። ቀጭ አለ።

እሁድ 16

ዛሬ ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሷል። ቤተ ክርስቲያን ማልደን ደረስን፣ እኔ ነኝ የነዳሁት። እየነዳሁ ጆሮዬ ጎማው ላይ ነበር፣ የራሴንም ሥራ እጠረጥራለሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ሶስና መጣች። ጋሽ ግርማ እንዴት ነዎት አለችው። እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ጀመረ። ዞር ብሎ አየኝ። ሴቶቹ ከበውናል፣ ሰው ሁሉ ይሰማል።

"እጄን አሞኛል" አለ።

ሶስና ደነገጠች። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ይህን ቃል በሰው ፊት ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ነገ ጠዋት ቮርድሴንትራል እንደውላለን፣ ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ። ራሴ ነኝ የማናግራቸው አለኝ። ይሁን አልኩት። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ የማውቃቸው የሕመም ስሞች ሁሉ ተሰልፈው ይመጡብኛል፣ አንዱንም እዚህ አልጽፍም። ነርሷ እንዴት ነህ ስትለው ደህና ነኝ ይላል ብዬ እጠረጥራለሁ። አጠገቡ እቀመጣለሁ።

አሁን ከሶፋው እየጠራኝ ነው። የማሩን ጠርሙስ ክፈቺልኝ፣ እጄ እምቢ አለኝ ይላል።