ገንዳ ውስጥ ያሉት ሽማግሌ

ማርች 3፣ ማክሰኞ
ሰርዲን ጠበስኩ። አንዱን ድመቷ ወሰደችው፣ የቀረውን ዶሪያና። ድመቷን ቢያንስ መቆጣት ይቻላል...

ዶሪያና፣ አያቷን ኖኖ የምትለኝ የልጅ ልጄ፣ የአባቷን ቤት ትታ እኔ ጋ ከገባች ወዲህ ጸጥታ የለም። ምድር ቤት ያለው የከሰል ክፍሌ የእሷና የሦስት ጓደኞቿ ሆኗል። የሙዚቃ ቡድናቸው "ዝገት" ይባላል። ጊታራቸው ቆርቆሮ የምትቧጭር ድመት፣ ከበሯቸው ፖሊስ በር ሲደበድብ። "አዲስ ሞገድ" የሚባል ሙዚቃ ነው ይሉታል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መርከብ ላይ ስሠራ አሮጌ ሞገድ አላየሁም።

ይህንኑ ነገርኳት።

"ኖኖ፣ ይቺን ቀልድ ትናንትም ነግረኸኛል።"

ነግሬያት ነበር? ሊሆን ይችላል። ጥሩ ቀልድ ናት።

ማርች 8፣ እሑድ
ሸክላ ሊያወጡ ነው። ዋናው ዘፈን "ሳሙና የለም" ይላል። "ሳሙና የለም፣ ሳሙና የለም፣ ይሄን እጅ በምን እንታጠበው?"

"ስለ ልብስ ሳሙና ነው?" አልኳት።

"ስለ እጅ ነው።"

"የማን እጅ?"

ጠረጴዛው ላይ በነበረው ጋዜጣ የባለሥልጣኖቹን ፎቶ በጣቷ መታ መታ አደረገች። ገባኝ። ሳሙናማ እውነትም ከሱቅ ከጠፋ ከርሟል፤ ፎቅ ላይ ያለችው ኤርሚኒያ እንኳ ድንበር ተሻግራ ትሪየስተ ከተማ ገዝታ ቀሚሷ ሥር ሸሽጋ ነው ኬላ የምታልፈው። ግን ዘፈኑ የኤርሚኒያን ሳሙና አይልም።

"አባትሽስ?"

ሳህኗን ገፋ አደረገች። "ሌላው ሰው ሁሉ ይትፋበት፣ ኖኖ። እሱ ብቻ አንድ ጊዜ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢሰማኝ..."

ልጄ ብራንኮ መርከብ ግንባታው ውስጥ የክፍል ኃላፊ ነው። የምሕንድስና ትምህርቷን ስታቋርጥ "ለጩኸት ብለሽ" አላት። ጩኸቱን ግን አንድ ቀን ሰምቶት አያውቅም።

ማርች 14፣ ቅዳሜ
ለሸክላው ሽፋን ፎቶ ተነሳሁ። የፈለጉት ግቢ ውስጥ ባለ የቆርቆሮ ገንዳ የተቀመጠ ሽማግሌ ነበር፤ በካኔተራ፣ ሳሙና ፍለጋ እጁን የዘረጋ። እሺ አልኩ። "ቆዩ፣ ልብሴን ላስተካክል" ብዬ መኝታ ቤት ገባሁ። የጦርነቱን ጊዜ ሜዳሊያዎቼን በሙሉ ካኔተራዬ ላይ ደርድሬ ወጣሁ።

ፎቶ አንሺው ከሳቁ ብዛት መሬት ተቀመጠ። ዶሪያና አልሳቀችም። "ኖኖ፣ ይሄ ጣጣ ያመጣብናል።" እንደገና አየችኝ። "ግን ያምራል።"

ውኃው በረዶ ነበር። አሁን ድረስ አስነጥሳለሁ።

አፕሪል 2፣ ሐሙስ
ፎቶው የወጣቶች ጋዜጣ ላይ ወጣ። ብራንኮ ከሥራ በቀጥታ መጣ። ኮቱን አላወለቀም።

"አባባ፣ ዛሬ ስብሰባ ላይ ስለ እርስዎ ካኔተራ ተጠየቅኩ።"

"ምን አልካቸው?"

"ምን ልበላቸው?"

"ታጥቦ ነበር በላቸው።"

አልሳቀም። "ልጅቷን የሚያበላሿት እርስዎ ነዎት። ጭራሽ መሣቂያ አደረጓት። ሸክላውም ወሬውም ቤቴ አይገባም፣ ተናግሬያለሁ።"

ዶሪያና የምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ራት አልበላችም። ልጅቷ የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ እኔ ለአንዲት ሳቅ ብዬ...

አፕሪል 3
ቀኑን ሙሉ በማንም ላይ አልቀለድኩም። ኤርሚኒያ "ምነው ቶኒን፣ አመመህ?" አለችኝ።

አፕሪል 21፣ ማክሰኞ
ከዶሪያና ጋር በባቡር ዛግሬብ ሄድን። እዚያ ሸክላ የሚመረምር ኮሚቴ አለ። "ቆሻሻ" ብሎ የፈረደበት ሸክላ ቀረጥ ይጫንበታል፣ ዋጋው ይሰቀላል። ሽፋኑ ላይ ያሉት ሰውዬ ቀርበው ያስረዱ ተባለ።

ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። መነጽር ያደረገችው ጀመረች።

"ጓድ፣ ሜዳሊያ በካኔተራ ላይ ማድረግ ንቀት አይመስልዎትም?"

"ስቀበላቸው ካኔተራም አልነበረኝም።"

ከሦስቱ ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ሳል ጀመረው። ሳል አልነበረም። ስለ ካኔተራው ብዙ ተባለ፤ ገንዳው የማን ነው እስኪባል ድረስ። ስለ ዘፈኑ ግን አንድም ጥያቄ የለም። ፈርተውት ይሆን? ወይስ አልሰሙትም?

ፍርዱ፦ ቆሻሻ።

ስንመለስ ዶሪያና በመስኮት ብቻ ታያለች። "በዚያ ዋጋ ማን ይገዛዋል? ለአባቴም 'ብዬሽ ነበር' ማለት ቀለለው።"

ዳቦና አይብ ቆርሼ ሰጠኋት።

ሜይ 16፣ ቅዳሜ
ኤርሚኒያ ሳታንኳኳ ገባች። ክንዷ ሥር ሸክላው!

"ኮርዞ ጎዳና ላይ ረጅም ሰልፍ አየሁ። ሳሙና መጣ ብዬ ገባሁበት" አለች። "አጠገቤ ያለችውን ልጅ 'ለአንድ ሰው ስንት ይሰጣሉ?' ብላት፣ 'እንደ አቅምዎ ነው እትዬ' አለችኝ። ተራዬ ሲደርስ ሻጩ 'ቆሻሻው ነው?' አለኝ። ያንን ሁሉ ቆሜ ባዶ እጄን ልመለስ? አዎ አልኩት።"

"ወደድሽው?"

"መች ሰማሁት። ሽፋኑን ግን አየሁት። በዚህ ዋጋ እንኳ አጥበው ሊሸጡህ ይገባ ነበር።"

ለካ ልጆቹ ቆሻሻ መባሉን ሲሰሙ ነው የተረባረቡት። ሱቅ ገብተው ስሙን አይጠሩም፤ "ቆሻሻው አለ?" ነው የሚሉት። ኮሚቴው ለካ ነጋዴ ነው።

ጁን 5፣ ዓርብ
በየከተማው አልቆ እንደገና እየታተመ ነው። ብረት ኳስ መወርወሪያው ሜዳ ላይ ልጆች "ጓድ ገንዳ!" እያሉ ከበቡኝ፤ ጨዋታውን ተሸነፍኩ። በእነሱ አሳበብኩ። ዶሪያና በቴሌቪዥን ታየች፤ ፀጉሯን ምነው አላበጠረች ብዬ ነገርኳት፤ እንዲያ መሆን አለበት አለች።

ደስ ብሏታል። ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች። ብራንኮ ከዚያን ቀን ወዲህ አልመጣም።

ጁን 21፣ እሑድ
ከምሳ በኋላ ብራንኮ መጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ጠፍጣፋና አራት ማዕዘን... ምን እንደሆነ ዕውርም ያውቃል።

"ሉብሊያና ለሥራ ሄጄ ነው የገዛሁት። እዚህ ሰው ያውቀኛል።"

"ምን ነካህ?"

"ብየዳ ክፍል ያሉት ልጆች ሲሠሩ ያፏጩታል። ክሬን ላይ ያለውም ከላይ ይቀበላቸዋል። ግቢው በሙሉ ያውቀዋል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።" ጋዜጣውን አጣጠፈ። "ቤቴ አይገባም ብያለሁ። ይሄ ግን የእርስዎ ቤት ነው።"

ምላሴ ላይ ስንት ቀልድ መጣ! ሁሉንም ዋጥኳቸው። ሸክላውን አጫወትኩለት።

ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጠ። መጀመሪያ ፊቱን አኮማተረ። "ሳሙና የለም" ሲመጣ እጆቹን ገልብጦ አየ።

"ይቺ እሷ ናት?"

"እሷ ናት።"

"አልሰማኋትም ነበር" አለ። ለእኔ አይመስለኝም ያለው።

ገጹ አለቀ። አሁን ይነሳል ብዬ ስጠብቅ፣ "ይገልብጡት እንጂ፣ አባባ።"

ልገለብጠው ስነሳ በተገረበበው በር አየኋት። ዶሪያና የምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ጉልበቶቿን አቅፋ። ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። ምንም እንዳላየ መርፌውን አስቀመጥኩ።

እስከ መጨረሻው ሰማ። ሸክላው ባዶውን ሲሽከረከር እንኳ አልተነሳም።

"አለቀ?"

"አለቀ።"

"አጭር ነው" አለ።

ከደረጃው ሳቅ መጣ፣ ለቅሶ የተቀላቀለበት። ብራንኮ ዞር አለ።

እኔ ወይን ላመጣ ብዬ በእሷ በኩል አልፌ ምድር ቤት ወረድኩ። ወይኑማ ያለው ላይ ቤት ነው፣ ወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ።